ሐምሌ ላይ የሚተኛ ዛፍ የለንም፦ ስለ ቦንሳይ ለተጻፈ ምክር ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ደረሰኝ። አንዴም አይደል፣ አራቴ፤ ከአራት የተለያየ ሰው። ደሴ ውስጥ ዛፍ በሳህን ተክሎ ትንሽ እንደሆነ የሚያሳድግ ሰው እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ «ቦንሳይ» የሚል ቃል ያየ ሁሉ ወደ እኔ ይወረውረዋል። «ያንተ ነገር መጣልህ» ይሉኛል።

ጽሑፉ ክረምት ሲቃረብ ቦንሳይን እንዴት እንደምናዘጋጅ የሚመክር ነው። ላላያችሁት በአጭሩ ላስቀምጠው። ክረምት ሲገባ ዛፉ ስለሚተኛ ውሃ ቀንሱለት ይላል። ሳህኑን በጉዝጓዝ ሸፍኑት፣ ከተቻለም አፈር ውስጥ ቅበሩት። ብርዱ ሲጠና ወደ ቤት አስገቡት። በረዶ ቢወርድበት አትደንግጡ፣ እንደ ብርድ ልብስ ያሞቀዋል። ማዳበሪያ አቁሙ። አፈሩን የምትቀይሩት ጸደይ ሲመጣ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥሩ ቦንሳይ የሚፈልግ ሰው ከጃፓን ዘር ያስመጣ ብሎ ይዘጋል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በቅን ልብ እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። አማርኛቸውም ያምራል። ችግሩ ምክሩ የተቀዳው ወንዝ ከሚረጋበት አገር መሆኑ ነው። ቃሉ ወደ አማርኛ መጣ፣ አየሩ እዚያው ቀረ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ሰኔ ገብቷል። ከላኩልኝ አራት ሰዎች ሁለቱ «እና ውሃ ላቁም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። አንደኛዋማ ሳህኗን ልትቀብር ጉድጓድ ቆፍራ ነበር። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ጃፓኖች ዛፋቸውን የሚያስተኙበት ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር ማብቂያ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚተረጉም ሰው ይህንን ወቅት «ክረምት» ይለዋል። የእኛ ክረምት ግን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። እነሱ ካፖርት ደርበው ሲንቀጠቀጡ እኛ በጠራራ ፀሐይ አዝመራ እየሰበሰብን ነው። ስድስት ወር ተላልፈናል ማለት ነው። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ስህተት ሁሉ ከዚህች አንዲት ቃል ነው የተመዘዘው።

ታዲያ ሐምሌ ላይ ዛፍ ይተኛል? ወይራዬን ጠይቁት። አንድ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ቅርጽ እንዲይዝ ብዬ ቅርንጫፉን በሽቦ ጠምዝዤ አሰርኩት። ሽቦው ከኤሌክትሪክ ገመድ ልጣጩን ገፍፌ ያወጣሁት መዳብ ነው። ዝናብ ስለነበር ለአንድ ወር ከምናምን በወጉ ሳላየው ቀረሁ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሽቦው ግማሹ ጠፍቷል። ቅርፊቱ ውጦታል። ቅርንጫፉ ክር እንደታሰረበት ጣት ግራና ቀኝ አብጧል። ሽቦውን በፒንሳ ቁርጥ ቁርጥ አድርጌ ነው ያወጣሁት። ጠባሳው ዛሬም እንደ እባብ ተጠምጥሞ ይታያል። የተኛ ዛፍ ሽቦ አይውጥም። ክረምት ለእኛ ዛፎች የማደጊያ ጊዜ ነው። ሽቦ ያሰረ ሰው በየሳምንቱ ይይ።

ዛፍ በብርድ አገር የሚተኛው ዝም ብሎ አይደለም። ቀኑ ያጥራል፣ ብርዱ ይበረታል፤ ቅጠሉን አራግፎ ይከተታል። ቶኪዮ ላይ የዓመቱ ረዥሙ ቀንና አጭሩ ቀን ወደ 5 ሰዓት ይለያያሉ። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት፤ የእኛ ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። የእኛ ወይራ ቀን አጠረ ብሎ የሚተኛበት ምክንያት የለውም።

«ውሃ ቀንሱ» የሚለው ምክር ደግሞ ሐምሌ ላይ ለማን እንደተሰጠ አልገባኝም። ለሰማዩ ከሆነ እሺ። ከዓመቱ ዝናባችን አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ከደረበ አንዳንዴ ሦስት ቀን አያወልቅም። እኔ በዚያ ሰሞን የውሃ ማጠጫዬን ምስማር ላይ ሰቅዬ ነው የምከርመው። ሥራው የገባው ውሃ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚህ ሥራ ከተማርኩት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ንከሩና በጠፍጣፋው በኩል መዳፋችሁ ላይ አጋድሙት። ትንሽ ይንጠባጠብና ያቆማል። ውሃው ያለቀ ይመስላል። አሁን በቁመቱ አቁሙት። እንደገና መንጠባጠብ ይጀምራል። ሳትጨምቁት፣ ምንም ሳትጨምሩበት። የቦንሳይ ሳህን የተጋደመው ስፖንጅ ነው። ጥልቀቱ ከአምስት ስድስት ሳንቲም አይበልጥም። ከታች ቀዳዳ ቢኖረውም የታችኛው አፈር ውሃ አዝሎ ይቀራል። ሥሩ የተኮለኮለው ደግሞ እዚያው ነው። ሥርም አየር ያስፈልገዋል። ሳምንት ሙሉ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ይታፈንና ይበሰብሳል።

ስለዚህ ክረምት ሲገባ ከእያንዳንዱ ሳህን አንድ ጫፍ ሥር ድንጋይ አስገባለሁ። ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል። ውሃው ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰብና በቀዳዳው ይወርዳል። በቃ ይኸው ነው። እንግዳ ሲመጣ «ጠረጴዛህ ዘሟል» ይለኛል። አልዘመመም።

አፈሩንም ማየት ነው። ሳህኑን በመረሬ አፈር የሞላ ሰው ድንጋይ ቢያስገባም አይድንም። መረሬ ሲረጥብ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። እኔ የምጠቀመው ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ዱቄቱን በወንፊት አራግፋለሁ። ከሽንብራ የሚተልቀውን ለቅሜ እጥላለሁ። ከምስር እስከ ሽንብራ ያለውን ሦስት እጅ፣ ከብስባሽ አንድ እጅ አድርጌ እቀላቅላለሁ። ይህ አፈር ሐምሌ ላይ አያፍንም። ጥር ላይ ግን ቶሎ ይደርቃል። ስለ ጥር በኋላ እመለሳለሁ።

ስለ ጉዝጓዝና ስለ መቅበር ብዙ አልልም። በብርድ አገር ሳህኑን የሚቀብሩት ሥሩ እንዳይረጋ ነው። ሥር ከቅርንጫፍ ይልቅ ለብርድ ስስ ነው፤ በሳህን ውስጥ ሆኖ ደግሞ የሚከልለው ነገር የለም። አፈር ረግቶ እንደ ድንጋይ በሚጠነክርበት አገር ትክክል ናቸው። ደሴ ላይ ሐምሌ የቀበራችሁት ሳህን ግን የውሃ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሳህን ነው። በላዩ ጉዝጓዝ ከጨመራችሁለት ቀንድ አውጣ ሁሉ ቤቱ ያደርገዋል። ጉድጓድ የቆፈረችው እህቴ፣ ጎመን ትከይበት።

«ወደ ቤት አስገቡ» የሚለው ላይ ግን በራሴ ደርሶብኛል።

በጀመርኩበት ዓመት አንድ ጽድ ነበረችኝ። ቁመቷ ክንድ አይሞላም። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ አሳዘነችኝና ሳሎን አስገባኋት። ከቴሌቪዥኑ ጎን። ሰው ሁሉ አደነቃት። እኔም በየቀኑ ውሃ እረጫታለሁ። አምስት ሳምንት ያህል እንደዚያ ቆየች፤ አንድ ቅጠል አልረገፈም፣ አንድም ቢጫ አልሆነም። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ለቡና መጡ። ጠጋ ብለው አዩዋትና በጥፍራቸው ግንዷን ፋቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ ሞታለች።»

«ኧረ እማማ፣ አረንጓዴ አይደለች እንዴ?»

«የገና ዛፍስ አረንጓዴ አይደለም? ተቆርጦም ስንት ቀን ይቆያል።»

እውነታቸውን ነው። ጽድ ከሞተ በኋላ ለሳምንታት አረንጓዴውን ይዞ ይቆማል። እናንተ ውሃ ታጠጣላችሁ፣ እሱ ሬሳ ነው። ለማወቅ የእማማን መንገድ ተከተሉ። ቅርፊቱን በጥፍር በቀስታ ፋቅ ስታደርጉት ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ከታየ አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ የለም። የእኔዋ እንደ ደረቅ ቀረፋ ነበረች።

የገደላት ብርሃን ማጣትና በየቀኑ የረጨሁት ውሃ ነው። ለእኛ ዓይን ሳሎን ብሩህ ነው፤ ዓይን ይለማመዳል። ለዛፍ ግን ሳሎን ጨለማ ነው። ደመናማ የሐምሌ ቀን እንኳ ከቤት ውስጥ ብዙ እጥፍ ይበራል። ጽድና ወይራ የተራራ ልጆች ናቸው። ደጅ ይደሩ። በጽሑፉ ብርዱ ሲጠና የሚባልበት ጊዜም ቢሆን ደጅ ይደሩ።

ወደ ቤት ሊገባ የሚገባው ሌላው ወገን ነው። ዋርካ፣ ሾላና ዘመዶቻቸው። እነዚህ ሙቀት ለምደው የበቀሉ ናቸው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይከፋቸዋል። ግን ይህም ክረምት ላይ አይደለም፣ ጥቅምት ሲገባ ነው። እኔ አንድ ዋርካ አለኝ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ በካርቶን ይዤው የሐረጎን ቁልቁለት እወርድና ኮምቦልቻ እህቴ ጋ አስቀምጠዋለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ወደ አራት ዲግሪ ሙቀት ታተርፋላችሁ። እህቴ ጋ «ይከርማል» እላለሁ፣ በጋ ላይ መሆኑ ቢያስቅም። አማርኛችን ራሱ መቆየትን ሁሉ በክረምት ነው የሚለካው። ሚኒባስ ላይ ዋርካ ታቅፎ መሄድ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንዴ ረዳቱ የሰው ሒሳብ ሊያስከፍለኝ ነበር።

አሁን ወደ በረዶው። ጸሐፊው በረዶ ዛፉን እንደ ብርድ ልብስ ያሞቀዋል ያሉት በምንጩ አገር እውነት ነው። እዚያ የሚወርደው እንደ ጥጥ የሚንሳፈፈው በረዶ ነው። በመሃሉ አየር ይይዛል፣ ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ሙቀት ይጠብቃል። እኛ ለዚያም ለዚህም «በረዶ» ነው የምንለው። ደሴ ውስጥ «በረዶ ጣለ» ሲባል ግን የሚታወቀው በቆርቆሮው ድምፅ ነው። ቤት ውስጥ ተጯጩኸን እንኳ የማንሰማማበት። ያ ብርድ ልብስ አይደለም፤ ጠጠር ነው።

አንድ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ አሥር ደቂቃ ቢጥል ነው። የሮማን ዛፌ ላይ ጤነኛ ቅጠል አልተረፈም። ቅጠሎቹ እንደ ጎመን ክትፎ ተከትፈው ሳህኑ ውስጥ ተኝተዋል። ለጋው ቅርንጫፍ ላይ ወደ ሰማይ በዞረው በኩል ብቻ ነጫጭ ቁስል ተደርድሯል። ከዚያ ወዲህ ከሰኔ ጀምሮ አሮጌ የወባ አጎበር አጥፌ፣ ከዛፎቹ በላይ ክንድ ያህል ከፍ አድርጌ፣ ከአራት ቋሚ ጋር ወጥሬ አስረዋለሁ። ዝናቡን ያሳልፋል፣ በረዶውን ያነጥራል። ብርሃንም ብዙ አይወስድም። በረዶ የመታው ዛፍ ካላችሁ ደግሞ መቀስ ይዛችሁ አትሩጡ። የተቀዳደደ ቅጠልም ቅጠል ነው፣ ይሠራል። አዲስ ቡቃያ እስኪያወጣ ተዉት።

እንግዲህ ብርድ የሚባለው ለእኛ መቼ ነው? «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ያውቁታል። ከጥቅምት እስከ ጥር። ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ሌሊት ይተኛል፣ ያኔ ነው ውርጭ የሚመጣው። ደመና ለምድር ጣራዋ ነው። ሐምሌ ላይ ቢበርደንም ጣራው ስላለ ሙቀቱ አያመልጥም። ኅዳር ላይ ጣራው የለም፤ ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሌሊት ለሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ደግሞ ቁልቁል ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ጦሳ ወገብ ላይ ያለነው ከቦርከና ወንዝ ዳር ካሉት የምንሻለው። ከፍ ያለ ሁሉ ይበርደዋል ብላችሁ አታስቡ። ጠዋት ዝቅተኛው ሜዳ ላይ ሣሩ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ሲነጋ እኛ ጋ ጤዛ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ወቅት «ውሃ ቀንሱ» የሚለው ምክር ይበልጥ ያሳስበኛል። ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ነፋሱ ደረቅ ነው። ያ ክረምት ላይ ያዳነን ሬድ አሽ አሁን በአንድ ቀን ይነጥፋል። ጥር ላይ ደሴ ውስጥ የሚሞት ቦንሳይ በብርድ የሞተ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ የሞተው በጥም ነው። እኔ ጠዋት ፀሐይ ሳህኑን ስትነካው አጠጣለሁ። ማታ አይደለም። ቀን የሞቀ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይዞ ያድራል። ሳህኖቹን ከሜዳው አንስቼ ከቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ጋር፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር እደረድራለሁ። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል፣ ክፈፉ ጣራ ይሆናል። ሰማዩ በጣም የጠራ ቀን አሮጌ አንሶላ ጣል አደርግባቸዋለሁ፣ ጠዋት አነሳለሁ። ላስቲክ አይሆንም፤ ቅጠሉን የነካበት ቦታ ብርዱን ቀጥታ ያሳልፋል። ነጠላ ብታለብሱት ይሻላል። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም።

ስለ ማዳበሪያ በግማሹ እስማማለሁ። መስከረም ካለፈ በኋላ ማዳበሪያ ያገኘ ዛፍ ለጋ ቡቃያ ያወጣል፣ ያንን ውርጭ ይበላዋል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ማቆም ልክ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ማቆም ግን ስህተት ነው። ዛፉ እያደገ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ያለውን ንጥረ ነገር በቀዳዳው ያጥበዋል። ጥቂት ጥቂት መስጠት ያስፈልጋል። ጥቂት ነው ያልኩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ትንሽ ሳህን ላይ በትኖ ዛፉን ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ጢሜን ስላጭ ሁልጊዜ አገኘዋለሁ።

አፈር የሚቀየረው ጸደይ ነው ላሉት፣ እዚህ ቃሉ እንኳ ትክክል ነበር። በቆየው አቆጣጠራችን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ የወሎ የበልግ ዝናብም ከዚያ ጋር ይነካካል። ችግሩ ዛሬ ብዙ ሰው ጸደይ ሲባል የሚታየው አደይ አበባ ነው። መስከረም ማለት ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ሥሩን የከረከማችሁት ዛፍ ቁስሉ ሳይሽር ደረቁ አየርና ውርጩ ይመጡበታል። እኔ የምቀይረው ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ዝናቡ ሲመጣ አዲሱ ሥር ተቀብሎት ይሮጣል።

የጃፓን ዘር ነገር ይለፈን ብዬ ነበር። አላስቻለኝም። ቦንሳይ የዛፍ ዓይነት ስም አይደለም፤ ቃሉ በሳህን መትከል ማለት ነው። ጃፓኖች ራሳቸው ነገሩን ያገኙት ከቻይና ነው። ማንኛውም ግንዱ የሚጠነክር ዛፍ ይሆናል። ዘር ያስመጣ ሰው ቢሳካለት እንኳ ያ የጃፓን ዛፍ በየዓመቱ ረዥም ቀዝቃዛ እንቅልፍ ይፈልጋል። ደሴ ያንን አትሰጠውም። ወይራ ግን ደጃችን አለ፤ በደቡብ አፍሪካ ቦንሳይ አሳዳጆች ዘንድ ዝነኛው የዱር ወይራ የእኛው ዘመድ ነው። ጽዳችንም ቢሆን ከጽድ ወገን ሁሉ ከምድር ወገብ በታች ወርዶ በተፈጥሮ የሚበቅል እሱ ብቻ ነው። የእኔ ወይራ የጎረቤት አጥር ሲፈርስ ከነጉቶው ተነቅሎ ለማገዶ ሊፈለጥ ሲል ነው የደረስኩለት። የወተት ዕቃ ሊያጥኑበት ነበር። ከየጎፍ ደን ግን አንድም አትንቀሉ፤ ችግኝ ጣቢያ ሞልቷል።

አንድ ነገር ለጸሐፊው ልመስክር። ሮማኔ ኅዳር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ታኅሣሥ ላይ ራቁቱን ይቀራል። ያኔ በእርግጥ ይተኛል። ውሃም ይቀንስለታል፣ ማዳበሪያም አይፈልግም፤ ሳህኑ ላይ ትንሽ ደረቅ ሣር ብትጎዘጉዙለት አይጠላም። ስለዚህ ጽሑፉን አላጠፋሁትም። ኅዳር 22 አካባቢ ላነበው ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ግን ጦሳ ላይ ጉሙ መውረድ ጀምሯል፣ ሦስት ሳህን ደግሞ ድንጋይ አልገባላቸውም።